የጉልላቱ ክብደት ወዴት ወረደ? ሲናንና የሱለይማንያ መስጊድ

ንግግሬን የምጀምረው ጫማዬን ካወለቅሁበት ደጃፍ ነው። ኢስታንቡል በሚገኘው የሱለይማንያ መስጊድ ገብቼ ቀና ስል፣ ዐይኔ የፈለገው ጉልላቱን የተሸከመውን ነገር ነበር። ከወለሉ እስከ አናቱ 53 ሜትር ያህል ከፍታ፣ ከ26 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ጉልላት ከላዬ አለ፤ ክብደቱ ግን በየት በኩል እንደ ወረደ ወዲያው አይታይም። ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው።

መስጊዱ ከ1550 እስከ 1557 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ለቀዳማዊ ሱልጣን ሱለይማን የተሠራ ሲሆን፣ አርክቴክቱ ሲናን ነበር። ሲናን በካይሴሪ አቅራቢያ ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ ደቭሺርሜ በተባለው የወጣቶች ምልመላ ተወስዶ፣ በጦር ሠራዊት ውስጥ ድልድይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ከፊቱ የቆመችው ፈተና ሐጊያ ሶፊያ ነበረች። በ537 የተመረቀችው የዚህች ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በ558 ተደርምሷል፤ ከዚያም ወዲህ ግድግዳዎቿ ወደ ውጭ እንዳይገፉ በየዘመኑ ግዙፍ የድጋፍ ግንብ ሲጨመርባት ኖሯል። ሲናን ዕቅዷን ተቀበለ፦ መካከለኛ ጉልላት፣ በፊትና በኋላ ግማሽ ጉልላቶች፣ በግራና በቀኝ ታላላቅ ቅስቶች። ብዙዎች «ቅጂ ነው» ብለው የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ጎን መሄድ ያስፈልጋል። የጉልላቱን ግፊት የሚመክቱት የድጋፍ ግንቦች በሱለይማንያ ከፊላቸው ወደ ውስጥ፣ ከፊላቸው ወደ ውጭ ገብተዋል፤ በውጭ በኩል በመካከላቸው ባለ ሁለት ደርብ ሰገነት ተዘርግቷል። ስለዚህ ትልቁን ሸክም የተሸከመው አካል ለተመልካቹ ጥላና መተላለፊያ መስሎ ይታያል። በውስጥም ሐጊያ ሶፊያ ጎኖቿን በአምዶች ረድፍ ከመካከሉ ስትለይ፣ ሲናን በየጎኑ ሁለት ግዙፍ የግራናይት አምዶችን ብቻ አቁሞ ቦታውን አንድ አድርጎታል። በአንድ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ጥግ ያያል።

የግንባታው የሒሳብ መዝገብ ተጠብቆ ቆይቷል። ታሪክ ጸሐፊው ዑመር ሉጥፊ ባርካን አጥንቶ እንዳሳተመው፣ ከባለሙያዎቹ ግማሽ ያህሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። የኦቶማንን ሥነ ሕንጻ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ሊቅ ሥራ ብቻ አድርገን ስናስተምር፣ ይህን መዝገብ ዘንግተናል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ መስጊዱ በተጠናቀቀበት በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ፤ በእኛ በኩል የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ተማሪዎቼ የዚያን ዘመን ቱርክ የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

የሱልጣኑ መቃብር ከመስጊዱ በስተጀርባ ባለው የአትክልት ስፍራ ነው። የሲናን ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ በመንገድ ማዕዘን ላይ ይገኛል፤ ትንሽ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሳላያት አልፌ፣ በማግስቱ ተመልሼ አገኘኋት።