እንዝርት

እንዝርት ጥጥን እያከረሩ ፈትል ለማውጣት የሚያገለግል የእጅ መሣሪያ ነው። ቀጭን ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ የተሰካ ክብ ማክበጃና ክሩን የሚይዝ ትንሽ ቆልማማ ጫፍ አለው። በኢትዮጵያ ፈትል በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ሲሆን፣ ሽመናው በብዙ አካባቢ የወንዶች ነው።

ጥጡ አስቀድሞ ይዳመጣል፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ የብረት ዘንግ ሲንከባለልበት ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። የደጋኑ ጅማት ሲነዝር የተጣበቀው ጥጥ ተፈልቅቆ እንደ አረፋ ይሆናል፤ ይህ ባዘቶ ይባላል። ባዘቶው ለእጅ እንዲመች ሲጠቀለል አመልማሎ ነው።

ፈታይዋ የአመልማሎውን ጫፍ ከእንዝርቱ ጋር አያይዛ፣ እንዝርቱን በጭኗ ላይ በመዳፏ ገፍታ ታሾረውና ትለቀዋለች። ተንጠልጥሎ ሲሾር በሌላ እጇ ጥጡን እየሳበች ታቀጥናለች፤ የከረረውን በዘንጉ ጠምጥማ እንደገና ታሾራለች። የሞላው ጥምጥም ልቃቂት ይባላል።

የጥጥ ጭረት አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጭረቶቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ክረቱ ብቻ ስለሆነ፣ ካነሰ ክሩ ይበጠሳል፣ ከበዛ ይኮማተራል። እንዝርቱ ከከበደም ክሩ ገና ሳይጠነክር ይቆረጣል። ስለዚህ የጥጥ እንዝርት ቀላል መሆን አለበት። የተልባ ጭረት በጣም ረጅም ነው፤ የጥንት ግብፃውያን በፍታቸውን ከእርሱ ሠርተዋል። በኢትዮጵያ ግን ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው።

የእንዝርት እንጨት ስለሚበሰብስ በቁፋሮ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሸክላ ወይም የድንጋይ ማክበጃው ብቻ ነው። በሱዳን በሚገኘው መርዌ ከእነዚህ ብዙ ተገኝተዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ያስቀረጸው ጽሑፍም ስለወደሙ የእህልና የጥጥ ማከማቻዎች እንደሚናገር ይተረጎማል።

ፈትል ከሽመና ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉታል። ጋቢ አራት ንጣፍ ስለሆነ ደግሞ የሚፈጀው ክር ብዙ ነው። ሸማው ሲመሰገን ግን የሚነሳው ሸማኔው እንጂ ፈታይዋ አይደለችም፤ የጨርቁ ልስላሴ ግን በአብዛኛው ከእርሷ እጅ የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ ጠንካራና እኩል የሆነውን የፋብሪካ ክር ገዝተው፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ።