ገንፎ የሌለበት ጤና ጣቢያ

ለወለደች ሴት የምንለውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ማረችሽ! ገና ላልወለደችው ደግሞ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እንላለን። ሰላምታችን ውስጥ ሞት ተቀምጧል፤ ያለ ምክንያትም አልተቀመጠም።

ታዲያ ይህን ፍርሃት የምታውቅ ሴት ለምን ሐኪም ቤት አልሄደችም? በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2005ም ያው 5፤ በ2011 ደግሞ 10። መንገድና ገንዘብ ችግር መሆናቸውን አልክድም። ግን ጤና ጣቢያ አጠገቧ እያለ ቤቷ የወለደችም ብዙ ናት።

ከአክስቶቼ የሰማሁት መልስ አንድ ነው፦ «እዚያ ሰው የለማ!» ቤት ውስጥ እናቷ ወገቧን ደግፋ፣ ጎረቤት «ማርያም፣ ማርያም» እያለላት ተንበርክካ ትወልዳለች። ጤና ጣቢያ ዘመዶቿ በር ላይ ይቀራሉ። እሷ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ተራቁታ በጀርባዋ ትተኛለች። ይበርዳል። ስትጮህ የሚቆጣት አይጠፋም። ሲያልቅ ደግሞ ገንፎ የለም። ገንፎው ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ቅቤና በርበሬው፣ እልልታው፣ ቡናው «ተርፈሻል» የምትባልበት ቋንቋ ነው።

ይህ ቀድሞ ከገባቸው አንዱ ጉራጌ አገር ያለው አጣጥ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፈተ። ከሩቅ የሚመጡና ምጥ ይጠናባቸዋል ተብሎ የተሠጋላቸው እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ ከዘመድ ጋር መጥተው፣ የራሳቸውን ምግብ እያበሰሉ ይጠብቃሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ጤና ጣቢያዎችም ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀመሩ። በተቋም የሚወልዱት በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሱ። ገንፎ ብቻውን አላመጣውም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል፣ አምቡላንስም ተገዝቷል። እኔ ግን የገንፎው ድርሻ በሪፖርት ከሚጻፈው ይበልጣል ባይ ነኝ።

የልብ ነገር ወደ ሰውነት እንደሚወርድም ታይቷል። ቡታጅራ አካባቢ ከ1,000 በላይ እርጉዞችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ በእርግዝናቸው ወቅት በጭንቀትና በድባቴ የተጠቁት ላይ ምጥ የመርዘምና ጡት ማጥባት የመዘግየት ነገር ጎልቶ አግኝቷል።

አራስ ቤት ይህንን በራሱ መንገድ ያውቅ ነበር። ብረት ትራስ ሥር ይደረጋል፣ አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ጅን እንዳይነካት። ጅኑን ተዉት፤ «ብቻዋን አትተውም» የሚለው ግን ትልቅ ሕክምና ነው። ችግሩ ያው ቤት ስታለቅስ «ልጅ ሰጥቶሽ ምን ጎደለሽ?» ይላታል። ሰው ከብቧትም አፏ ይዘጋል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጥቷል፤ ለአባት 3 ቀን። በአራተኛው ቀን ባል ሥራ ይገባል። እናቷ ከክፍለ አገር እስክትመጣ ድረስ ገንፎውን ማን እንደሚያገነፋ አዋጁ አይናገርም።