የባልና ሚስት ሽምግልና

የባልና ሚስት ሽምግልና በተጋቢዎች መካከል የተፈጠረን አለመግባባት ሁለቱም ወገኖች በሚቀበሏቸው ሽማግሌዎች አማካይነት የመፍቻ ባህላዊና ሕጋዊ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሚዜዎች ወይም ከጋብቻው ምስክሮች መካከል ይመረጣሉ፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የንስሐ አባትም የማስታረቅ ድርሻ አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ባልንና ሚስትን ለየብቻ ወይም ፊት ለፊት ያደምጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ይቆጣጠራሉ። ጥፋቱ ሲለይ በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እንደ ነገሩ ክብደት ካሳ ይቆረጣል ወይም ዋስ ይጠራል። ሂደቱ በዕርቅና በምርቃት ይዘጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጥያቄ የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት አዛውሮ የሽማግሌዎችን ሚና በማስታረቅ ላይ ወሰነ። በዚህ ሕግ መሠረት የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች አማካይነት እንዲታረቁ ይሞክራል፤ ካልተሳካም እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው።

ሥርዓቱ ወጪው አነስተኛ በመሆኑና የቤት ገመናን በመጠበቁ ዛሬም ይሠራበታል። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ጥቃት ግን ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።