የኤልኢዲ ብርሃን በሙቀት ለውጥ እንዳይዋዥቅ ምን ይደረጋል?

በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ከማሽላና ከሌሎች ሰብሎች ዝርያ ጋር ተያይዞ ነው። ይሁን እንጂ የተሻሻለ ዝርያ ብቻውን ምርት አይሰጥም፤ መሬቱ የሚፈልገው የማዳበሪያ መጠን በአፈር ምርመራ መታወቅ ይኖርበታል።

በአፈር ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ቀለም ነው። ከአፈሩ የወጣው ፈሳሽ በኬሚካል ሰማያዊ እንዲሆን ይደረግና ቀይ ብርሃን ያልፍበታል፤ ፈሳሹ የዋጠው ብርሃን በበዛ ቁጥር ፎስፈረሱም ብዙ ነው። በባትሪ በሚሠሩ የእጅ መሣሪያዎች የብርሃኑ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ኤልኢዲ ነው።

ችግሩ ኤልኢዲ ሲሞቅ ብርሃኑ መቀነሱ ነው። ቀይ ኤልኢዲ ደግሞ ከሰማያዊው ይበልጥ ለሙቀት ስስ ነው። ለምሳሌ ብርሃኑ በየዲግሪው በግማሽ በመቶ ቢቀንስና መሣሪያው ማለዳ ከተስተካከለ በኋላ አየሩ በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ብርሃኑ 5 በመቶ ገደማ ይጎድላል። በቤት አምፖል ላይ ይህን ያህል ጉድለት ዓይን አይለየውም። መሣሪያው ግን የጎደለውን ብርሃን ፈሳሹ እንደዋጠው ስለሚቆጥር 0.20 መሆን የሚገባውን ንባብ 0.22 ያደርገዋል። ፎስፈረሱ ከእውነተኛው መጠን በ11 በመቶ በልጦ ይታያል፤ አርሶ አደሩም ከሚገባው ያነሰ ማዳበሪያ እንዲጠቀም ሊመከር ይችላል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ኤልኢዲውን በቋሚ የኤሌክትሪክ ጅረት ማሠራት ነው። ኤልኢዲ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልቴጅ በየዲግሪው በ2 ሚሊቮልት ገደማ ስለሚወርድ፣ ቮልቴጁ ብቻ ከተወሰነ ጅረቱ ይጨምራል። ሆኖም ጅረቱ ስለጸና ብርሃኑ ይጸናል ማለት አይደለም፤ ያው ጅረት በሙቀት ጊዜ የሚያወጣው ብርሃን ያንሳል።

አስተማማኙ ዘዴ ብርሃኑን ራሱን መለካት ነው። ከጨረሩ ጥቂቱ በፈሳሹ ሳያልፍ ወደ ሁለተኛ የብርሃን ዳሳሽ ይላካል። ብርሃኑ ሲቀንስ መሣሪያው ጅረቱን ይጨምራል፤ ወይም የሁለቱን ዳሳሾች ንባብ በማካፈል ለውጡን ያጣፋል። ዳሳሾችም በሙቀት ስለሚለወጡ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሆነው ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው።

ሁለተኛ ዳሳሽ በሌለው መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያም አማራጭ አለው። መሣሪያውን ከፀሐይ ማራቅ፣ ከማብራት በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ከየናሙናው በፊትም ቀለም በሌለው ፈሳሽ ዜሮውን እንደገና ማስተካከል ስሕተቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።