አሰላ፦ ፕላን የማያያቸው መስጂዶቻችን



የአሰላ፣ የበቆጂ፣ የኢተያ፣ የሮቤ ወጣቶች፣ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ሰፈራችሁ ያለው መስጂድ መቼ ተሠራ? መሬቱን ወቅፍ ያደረገው ማን ነው? የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ? አብዛኞቻችን «ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ» ብለን እናልፋለን። ሽማግሌዎቹን ስንጠይቅ ደግሞ «እኛ ልጅ ሆነንም ነበረ» ይሉናል። ለልብ በቂ የሆነ መልስ ነው። ለከተማ ፕላን ግን መልስ አይደለም።

የከተማ ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ከፊቱ የሚዘረጋው ካርታ ነው። በካርታው ላይ የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ቦታ አለ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ቦታ አለ፣ ሌላው ደግሞ «ክፍት» ወይም «ሕገ ወጥ» ተብሎ የሚመደብ ነው። መስጂዱ ስድሳ ዓመት አዛን ሲባልበት ቢኖርም ወረቀት ከሌለው ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ይወድቃል። ይህን በ2015 ዓ.ል በሸገር ከተማ አይተነዋል። ከፕላን ውጭ የተሠሩ ናቸው ተብለው መስጂዶች ፈረሱ፤ ግንቦት 18 እና ግንቦት 25፣ በሁለት ተከታታይ ጁሙዓዎች፣ አዲስ አበባ በታላቁ አንዋር መስጂድ ተቃውሞ ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። አላህ ይዘንላቸው። ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያነሳው ከዚያ በፊት ያለውን ጥያቄ ነው፦ እንደ አርሲ ያለ፣ እስልምና ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረበት አገር፣ በከተሞቹ ውስጥ ይህን ያህል ጥቂት በወረቀት የታወቀ የሙስሊም ሕንፃ ሊኖረው የቻለው እንዴት ነው?

ከሩቁ እንጀምር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ ሆኖ የጻፈው ኢብኑ ፈድሉላህ አል-ዑመሪ በሐበሻ ምድር ሰባት የሙስሊም መንግሥታት እንደነበሩ ይዘረዝራል፤ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሊ እና ዳራ። ጁሙዓ የሚሰገድባቸው ትልልቅ መስጂዶች እንደነበሯቸውም ይናገራል። ከእነዚህ ውስጥ ሸርኻን ብዙ ተመራማሪዎች የሚያስቀምጡት ዛሬ አርሲ በምንለው ደጋ ነው። ከላንጋኖ ሐይቅ በላይ ባለው በሙኔሳ በኩልም በዐረብኛ የተጻፉ የመካከለኛው ዘመን የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተው ተጠንተዋል። ልብ በሉ፤ መስጂዶቹ የሉም፣ ድንጋዮቹ ናቸው የተረፉት። እንጨትና ጭቃ ይፈርሳል፤ ስምና ቀን የተቀረጸበት ድንጋይ ግን ከመቶ ዓመታት በኋላም ይመሰክራል።

ከዋቤ ሸበሌ ማዶ ደግሞ ድሬ ሼኽ ሁሴን አለ። የአርሲ ሰው ለዘመናት በእግሩ፣ በበቅሎው፣ ባላ ዱላውን ይዞ ዋቤን እየተሻገረ የተመላለሰበት ቦታ ነው። ነጭ በኖራ የተለሰኑት ጉልላቶች፣ የግቢው አጥር፣ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅመው ኩሬ፣ ሁሉም በአንድ ላይ አንድ ከተማ የሚያህል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ገብቷል። እዚያ በሚደረገው ነገር ላይ በመካከላችን የአቋም ልዩነት እንዳለ እናውቃለን፤ የዚያ ቦታው ዛሬ አይደለም። ቀብር ላይ የሚደረገውን የማይቀበልም ቢሆን ግንባታው የታሪክ ማስረጃ መሆኑን አይክድም። ማስረጃን አፍርሶ የሚረታ ክርክር ደግሞ የለም። መካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረሰው የኦቶማኖች አጅያድ ምሽግ ቦታ ላይ ዛሬ የሰዓት ማማው ሆቴል ቆሟል፤ ምሽጉን ማየት የሚፈልግ ያለው ፎቶ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተካሄደው ዘመቻ አርሲ በምኒልክ ጦር ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ የበቀሉት የአርሲ ከተሞች ታሪክ በስማቸው ውስጥ አለ። «ከተማ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የጦር ሠፈር ማለት ነበር፤ ጦር «ከተመ» ሲባል ሠፈረ ማለት ነው። ሠፈሩ ኮረብታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ መሐል፣ የሹሙ ግቢ አጠገቡ፣ ገበያው ዝቅ ብሎ። መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለዘማችና ለሹም ሲታደል አብዛኛው የአርሲ ገበሬ በአያቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከጢቾ ወደ አሰላ ሲዛወርም ይኸው አቀማመጥ ቀጠለ። የራሱ መሬት የሌለው ሰው የድንጋይ መስጂድ አይሠራም። ስለዚህ ሶላቱ የሚሰገደው በሣር ክዳን ጎጆ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቂብላው በድንጋይ መስመር በተለየ ሜዳ ላይ ነበር። ቂርአቱም እንዲሁ በሼኹ ቤት፣ ደረሳው በገበሬው ድርጎ እየኖረ።

በጣሊያን አምስት ዓመታት ወራሪው ለራሱ ፖለቲካ ብሎ በብዙ ከተሞች የመስጂድ ሥራ ፈቀደ፣ አንዳንዱንም አገዘ። ዓላማው ቢታወቅም ቆርቆሮ ክዳን ያለው መስጂድ በከተማ መሐል መታየት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብዙዎቻችን የማናውቀው የወቅፍ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በ1936 ዓ.ል የወጣው የቃዲዎችና የናኢባዎች ፍርድ ቤቶች አዋጅ ከጋብቻና ከውርስ ጋር ወቅፍን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን ውስጥ አስገብቶ ነበር። ማለትም አንድ ነጋዴ ሁለት ክፍል ቤት «ኪራዩ ለመስጂዱ ይሁን» ብሎ ሲሰጥ ሕግ የሚያውቀው ነገር ነበር። የዚያ ኪራይ ሥራ ምን ነበር? ክዳን መቀየር፣ ግድግዳ መምረግ፣ ለኢማሙ ቀለብ። ዛሬ ባለሙያዎች «ዘላቂ ጥገና» የሚሉትና በየጉባኤው በጀት የሚፈልጉለት ነገር እኛ ዘንድ በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ይሠራ ነበር።

ከዚያ 1967 መጣ። አብዮቱ ለሙስሊሙ የሰጠውን አንክድም። ከዚያ በፊት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በወጣው ታላቅ ሰልፍ ከተጠየቁት መካከል በዓላቶቻችን በብሔራዊ ደረጃ መከበር ጀመሩ፤ የየካቲት 25ቱ የመሬት አዋጅም የአርሲን ጭሰኛ ነፃ አወጣ። ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የኪራይ ቤቶችን ሲወርስ ለመስጂድ ገቢ ያስገኙ የነበሩ ቤቶችም አብረው ሄዱ። ክዳኑን የሚቀይረው ኪራይ ቀረ። በ1970ዎቹ የብዙ አሮጌ መስጂዶች ግድግዳ ለምን እንደዘመመ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በከፊል እዚህ ያገኘዋል።

ለአርሲ ገጠር ትልቁ መናጋት ግን ገና ነበር። በ1978 ዓ.ል የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ወደ አርሲ ሲገባ ክፍለ ሀገሩ ለሌላው እንደ ምሳሌ የሚታይ ሆነ። ተበታትኖ፣ በየእርሻው ዳር፣ በየወንዙ ጥግ የኖረው ገበሬ ቤቱን ነቅሎ፣ ማገሩንና ወጋግራውን ተሸክሞ ወደተሰመረለት መንደር እንዲገባ ተደረገ። መንደሩ እንደ ቼዝ ሰሌዳ ነበር፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ለያንዳንዱ አባወራ 1,000 ካሬ ሜትር ቦታ፣ መሐል ላይ ለጽሕፈት ቤትና ለአገልግሎት መስጫ የተተወ ክፍት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1986 ኮኸን እና ኢሳክሰን የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ለስዊድን የልማት ድርጅት ተልከው ጉዳዩን በአርሲ መርምረው ሪፖርት ጽፈዋል፤ ስዊድን ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በጭላሎ የእርሻ ልማት፣ በካዱ፣ አሰላ ላይ ገንዘብ ስታፈስ ስለቆየች ጉዳዩ ያሳስባት ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ዘመቻው ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንዳንቀሳቀሰ ይነገራል።

ወጋግራ ይነቀላል፣ ማገር ይሸከማሉ። ቀብር ግን አይነቀልም። ሼኹ ያስቀሩበት ዛፍ አይነቀልም። የቂብላው ድንጋይ መስመር ቦታው ላይ ይቀራል። ወደ አዲሱ መንደር የሄደው ሰው እንጂ የሰውየው ታሪክ አልነበረም። የካቲት 1982 ላይ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ብዙ የአርሲ ገበሬ መንደሩን ጥሎ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። አንዳንዱ ቦታ ግን በመሐል ታርሶ ነበር፣ አንዳንዱ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ያ ሜዳ አንድ ጊዜ መስገጃ እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ይህን አንቀጽ ረዘም ያደረግነው ሆን ብለን ነው፤ በአርሲ ገጠር «እዚህ ቀብር አለ፣ የለም» የሚለው ጭቅጭቅ ሁሉ ሥሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ 1978 ላይ ይደርሳል።

እስካሁን ያወራነው ሌሎች ስላደረጉት ነው። የሚቀጥለው የራሳችን ነው፤ መራራም ቢሆን እንናገረው። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ነፃነቱ ሲመጣ፣ ገንዘብም ከነጋዴውና ከውጭ አገር ካሉ ወንድሞች ሲገኝ፣ መጀመሪያ የምናደርገው አሮጌውን መስጂድ ማፍረስ ሆነ። የጥድ ምሰሶው ለማገዶ፣ የተጠረበው በር ለጨረታ። ፎቶ እንኳ የሚያነሳ የለም። በምትኩ የሲሚንቶ ብሎኬት፣ መስታወት፣ የባሕረ ሰላጤ አገሮችን የሚመስል ሚናራ። ሰጋጁ በዝቷል፣ መስፋት አለበት፤ ይህ ሐቅ ነው። ግን አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በጭላሎ ተዳፋት ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለዒሻና ለሱብሒ ያቆያል። ስስ ብሎኬትና ቆርቆሮ በሱብሒ ምን እንደሚመስል ያሰላ ሰው አይጠየቅም። ሲሚንቶ ደግሞ በዓለም ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን የሚይዝ ምርት ነው።

«ጭቃ አይበረክትም» የሚል ይኖራል። ማሊ ውስጥ ያለው የጄኔ ታላቁ መስጂድ ከጭቃ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 ተሠርቶ ዛሬም ይሰገድበታል፤ ከተማዋ ከነመስጂዷ በ1988 የዓለም ቅርስ ሆናለች። ምስጢሩ ጭቃው አይደለም፤ በየዓመቱ የከተማው ሰው በሙሉ፣ ከግንበኞቹ እስከ ሕፃናቱ፣ ወጥቶ መልሶ መምረጉ ነው። እኛስ ቅርባችን ሐረር አለችልን። የጁገል ግንብ በአሚር ኑር ዘመን ከተሠራ ጀምሮ ከተማዋ መስጂዶቿን ስታድስ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትመዘገብ 82 መስጂዶችና 102 የቅዱሳን ቀብሮች ተቆጥረውላታል። ተቆጥረውላታል የምትለዋን ቃል ያዙልን። ሐረርን የለያት አሮጌ መሆኗ ብቻ አይደለም፣ መቆጠሯ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ወጣት ሕጉ ከእኛ ጋር እንዳልሆነ ያስባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም ሆነ በማኅበረሰብ እጅ ሊኖር እንደሚችል ይቀበላል፣ ባለይዞታው እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል፣ የተመዘገበን የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለፈቃድ መነካካት ይከለክላል። መንገድ ወይም ሕንፃ ሲቆፈር ቅርስ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የሙኔሳን ዓይነት ድንጋይ በዶዘር ሥር ያየ ሰው ዝም የማለት መብት የለውም ማለት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ለረጅም ጊዜ እንደ ማኅበር ብቻ ሲታይ የኖረው መጅሊስም በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል፤ ንብረት በስሙ መያዝ ይችላል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ወቅፍን ያውቃል።

እንግዲህ ቀዳዳው የቱ ጋ ነው? ሕጉ የሚጠብቀው የተመዘገበውን ነው። ያልተመዘገበው፣ የኮሪደር ልማቱ ወይም አዲሱ መዋቅራዊ ፕላን በመጣ ቀን፣ በባለሙያው ዓይን ክፍት ቦታ ነው። ባለሙያውን መውቀስ ይቻላል፤ ግን ያላሳየነውን ነው ያላየው።

ሥራው ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ከመስጂዱ በአራቱም አቅጣጫ ፎቶ፣ ከውስጥ ሚሕራቡን፣ ምሰሶውን፣ በሩን። የግቢውንና የቀብሩን ድንበር በስልኩ ካርታ ላይ ምልክት። መሬቱን ማን እንደሰጠ፣ ማን እንደሠራ፣ በየትኛው ንጉሥ ወይም በየትኛው ዘመቻ ጊዜ እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች በድምፅ ይቀረጹ፤ ዓመቱን በቁጥር ባያውቁት «ከመንደር ምሥረታ በፊት ነው፣ በኋላ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በእጅ የተጻፈ የወቅፍ ወረቀት ካለ ኮፒው ይነሳ፣ ዋናው ከኢማሙ ጋር ይቅር። ይህ ሁሉ በሁለት ቅጂ ይታሰር፤ አንዱ ለወረዳው መጅሊስ፣ አንዱ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀብሎ። ማፍረስ ግድ ከሆነም ከመፍረሱ በፊት ይህ ይሠራ፤ የቆየው በር፣ ምሰሶው ወይም የሚሕራቡ ድንጋይ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ይሰጠው።

ረመዳን ሲገባ አረጋውያኑ ከዐስር በኋላ መስጂድ ውስጥ ይቆያሉ። ስልካችሁን ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄም «አባባ፣ እዚህ ቦታ ላይ መጀመሪያ ያሰገዱት ማን ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ።