ወረርሽኝና የመንገድ ከተማ፤ ሎጊያ በ2012 ዓ.ም.

ከተማ የሚቆረቆርበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። አንዱ በቤተ መንግሥት፣ አንዱ በቤተ እምነት፣ ሌላው በገበያ ዙሪያ ይመሠረታል። በታችኛው አዋሽ ሸለቆ የምትገኘው ሎጊያ ግን የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ከሰመራ አጠገብ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟን የምትጋራው ወደ አዋሽ ከሚገባው የሎጊያ ወንዝ ጋር ቢሆንም እንጀራዋን የምታገኘው ከአስፋልቱ ነው። ምግብ ቤቱ፣ አልጋ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ጋራዡና ቡና አፍይዋ ሁሉ ዓይናቸውን የሚጥሉት ከተሳቢ መኪና በሚወርደው እንግዳ ላይ ነው። በእንግዳ የምትኖር ከተማ እንግዳን እንድትፈራ ስትገደድ ምን ትሆናለች? የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር።

መንገዱ ራሱ የብዙ ዘመን ታሪክ አለው። ከደሴ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠራ። ኋላም ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ በገዋኔ በኩል ሸለቆውን ተከትሎ የሚወጣው አውራ ጎዳና ሲጨመር፣ የመሐል አገሩ ጭነት በዚሁ ቆላ ያልፍ ጀመር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱም በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ከአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው በጅቡቲ ወደብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ነዳጅ የጫነው ቦቴ፣ ስንዴና ማዳበሪያ የጫነው ተሳቢም የሎጊያን ደጃፍ ሳይረግጥ የማያልፍ ሆነ።

በሽታ የንግድን ጎዳና ተከትሎ መምጣቱ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ማግሥት፣ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ገባ። በዋና ከተማው ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በታወቁ ጊዜም፣ ብዙ ሳይቆይ ጥርጣሬው የረጅም መንገድ አሽከርካሪዎችንና በመንገዱ ዳር ያሉትን ከተሞች ተከተለ። አገሪቱን የሚመግበው ሰው የበሽታ አመላላሽ ተብሎ ሲጠረጠር ኮቪድ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 14 ቀን የየብስ ድንበር ለሰው ዝውውር ሲዘጋ ጭነት ብቻ ተፈቀደ። በርካታ ክልሎችም የሕዝብ ማመላለሻን ለጊዜው አገዱ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከለ፤ ተሽከርካሪዎች ከወትሮው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ፣ ሰውም በአደባባይ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን አዘዘ። ሆኖም መንግሥት ሕዝቡን ሙሉ በሙሉ በቤት አላስቀመጠም፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ለሚያገኝ ሰው በሩን መዝጋት በረሃብ መቀጣት ነበርና።

ለሎጊያና ለመሰሎቿ ከባዱ ነገር ግን ከጅቡቲ መጣ። ሕዝቧ 1 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ጅቡቲ እስከ ግንቦት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከ3 ሺህ በላይ ሕሙማን ስትመዘግብ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ያገኘችው ገና ከ1 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በዚያን ወቅት በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ሕሙማን መካከል ከጅቡቲ የመጡና አሽከርካሪዎች ይገኙበት ነበር። ከስደት የሚመለሱት በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። አሽከርካሪውን ግን እንደ ተመላሹ ለ14 ቀን ማስቀመጥ አይቻልም፤ እሱ ከቆመ ነዳጁም፣ መድኃኒቱም፣ ራሱ የፊት መሸፈኛውም ይቆማል። እንዲህ ያለው ችግር በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር በማላባም ታይቷል፤ በዚያው ግንቦት ምርመራ የሚጠብቁ የጭነት መኪናዎች ለብዙ ኪሎ ሜትር ተሰልፈው ነበር።

የመንገድ ዳር ንግድ የሚቆመው በሦስት ነገር ነው፤ በመብላት፣ በመተኛትና በመጫወት። ሦስቱም መቀራረብን ይሻሉ። ከአንድ ትሪ አብሮ መጉረስ አሳሳቢ ሆነ፤ በደጃፉ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና የንግድ ፈቃድን ያህል አስፈላጊ ሆነ። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ቆላ ደንበኛን ሁሉ ማስታጠብ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በአንጻሩ፣ ከሙቀቱ የተነሣ በግቢ አልጋ ዘርግቶ ከሰማይ በታች የማደር የቆላ ልማድ በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ከማናቸውም የተዘጋ ክፍል የተሻለ መከላከያ ነበር። ንጹሕ አየር ምን ያህል እንደሚጠቅም የዓለም ጠበብት ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የተስማሙበትን የቆላው ሰው በኑሮው ያውቀው ነበር ለማለት ይቻላል።

የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የተባለ የቆየ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አለው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሰላምና ስለ በሽታ የሰሙትንና ያዩትን ይነጋገራሉ፤ ሐሰት መጨመር ነውር ነው። ዳጉ ያለ መቀራረብ አይሆንም፤ ነገር ግን ሬዲዮ በማይደርስበት ስፍራ ስለ በሽታው የሚያስጠነቅቅ ከዳጉ የፈጠነ መልእክተኛ አልነበረም። የረመዳን ወርም በዚያው ሚያዝያ ስለገባ፣ መስጊድ ተዘግቶ ሶላቱ በየቤቱ ሆነ፤ ግንቦት 16 ቀን የዋለው ዒድ አልፈጥርም ያለ ወትሮው ጉባኤ ተከበረ። የዒድ ገበያ ለነጋዴው የዓመቱ ተስፋ መሆኑን የሚያውቅ የዚያን ቀን ዝምታ ሊገምተው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሌሎች መከራዎች ተደራረቡ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ ብዙ ሕዝብ አፈናቀለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ወደ አፋር ዘለቀ። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያስታውቅ በኢትዮጵያ ከ7,500 በላይ ሰው በበሽታው መሞቱ ተመዝግቦ ነበር። ከለውጦቹ ሁሉ ጸንቶ የቀረው ምናልባት በእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ ነው፤ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ብርን መጠራጠር በለመደ ሕዝብ መካከል ነበር የገባው።

ለመሐንዲሱ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። መንገድ ሲነደፍ የሚሰላው የመኪናው ክብደት፣ የአስፋልቱ ውፍረትና የድልድዩ ጥንካሬ ነው፤ ሾፌሩ የት ይታጠባል፣ የት ያርፋል፣ ቢታመም የት ይታያል የሚለው ጥያቄ ለመንገድ ዳር ነጋዴ ይተዋል። በ2012 ዓ.ም. ያ ነጋዴ በበርሜልና በሳሙና የአገሪቱን ዋና የንግድ መስመር ጤና ጠበቀ። የውሃ መስመር፣ የጥላ ማረፊያ፣ መታጠቢያና የጤና ኬላ ከመንገዱ ጋር አብረው ቢነደፉና በጀታቸው ከአስፋልቱ ጋር አብሮ ቢያዝ፣ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ ሎጊያ ከእንግዳዋና ከጤናዋ አንዱን እንድትመርጥ አትገደድም።