ከእርሳስ በፊት ወስፌ ነበር

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። በጎጃም ምድር ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ሆሄውን በስንጥር እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል። ዳዊት መድገም ጨርሶ እንኳ ብዕር ያልጨበጠ ብዙ ነበር። መጻፍ የፈለገ ለብቻው ከቁም ጸሐፊ ዘንድ ይገባል፤ እዚያ ቀድሞ የሚሠለጥነው እጅ ነው። የፍየል ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ብራናው በወስፌ ይበሳና ይሰመራል፤ መቃ ይቀረጻል። ጥቁሩ ለጽሑፉ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። በገጹ ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግ ደግሞ ቅርጹ በቀጭን መስመር ይወጣና መካከሉ በቀለም ይሞላል። ዛሬ ሕፃናትን «ከመስመሩ ሳትወጡ ቀቡ» የምንልበት ሥራ በዚያ ዘመን የተከበረ ጥበብ ነበር።

ወስፌ ግን ከጸሐፊው ቤት ይልቅ በእናቶች እጅ ይበዛ ነበር። እኔ ባደግኩበት በዘንገና ሐይቅ አካባቢ፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ሳትገባ ስፌት ትጀምራለች። እናቴ ቀለሙን ከእንጅባራ ገበያ ትገዛና ታፈላዋለች፤ አክርማ የተባለው የስፌት ሣር ተነክሮበት ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ ይወጣና ጥላ ላይ ይደርቃል። አለላ የምንለው ይህንኑ ነው። ደረቅ አለላ ስለሚሰበር ስትሰፋ መልሳ ታርሰዋለች። ለኔ የሚደርሰኝ አጫጭሩ ትራፊ ነበር።

ግራ እጅ ስንደዶ የተባለውን ሣር ሰብሰብ አድርጎ ይይዛል። ቀኝ እጅ ወስፌውን በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ይዞ ያለፈውን ዙር ይወጋል። ወስፌው ሲነቀል፣ ቀዳዳው ሳይደፈን፣ የአለላው ጫፍ ይገባል፤ ከዚያ ሳብ፣ ጠበቅ። ንድፉ ወረቀት ላይ የለም፤ ቀዩ የት ቆሞ አረንጓዴው የት እንደሚጀምር በቆጠራ ይታወቃል። የተሳሳተው ይፈታል፤ እንደገና ይሰፋል። የሚሰፋው ሙዳይ ሲያልቅ የልጅቷም ጣቶች ሌላ ሆነዋል።

ወንዶቹ ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ከጭቃ ከብት ይሠራሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በሚያከብርበት በጥር 23 ሰሞን ደግሞ የጭቃ ፈረስ ይበዛል፤ ያንንም በጨርቅ ቁራጭ ያስጌጡታል።

ይህን የእጅ ትምህርት አውሮፓውያንም በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። ጀርመናዊው ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በጀመረው የሕፃናት ተቋም ልጆች ወረቀት በመርፌ ይበሱ፣ በክር ይሰፉ፣ ባለቀለም ወረቀት ይሸምኑ ነበር። ጣሊያናዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የሕፃናት ቤት ከፈተች። በእርሷ ዘዴ ልጁ የብረት ቅርጽ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ያሰምራል፤ ውስጡንም በባለቀለም እርሳስ ይሞላል። ዓላማው ሥዕል አልነበረም፤ ጣቶቹን ለጽሕፈት ማዘጋጀት ነበር። ይህ የሕፃናት ቤት ከመከፈቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1903፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ክራዮላ የተባለውን፣ እኛ ከለር የምንለውን የሰም እርሳስ በስምንት ቀለም የያዘ ፓኮ በአምስት ሳንቲም ለገበያ አውጥቶ ነበር።

በአገራችን የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቅድመ መደበኛ ትምህርት ቦታ ሰጠ፤ በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዜሮ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። እኔም የዜሮ ክፍል መምህርት ሆንኩ። የማስተምረው በአዊኛ ነው፤ ፊደሉ ግን ያው የግዕዙ ነው። ሕፃናቱ በመጡ ሰሞን እርሳሱን በጡጫቸው ይጨብጡታል፤ የሚጽፉትም ከትከሻቸው ነው፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። የእጅ አንጓ አጥንቶች ጠንክረው የሚያልቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ይህ ስንፍና አይደለም። የልጅ እጅ ገና እየተሠራ ያለ እጅ ነው።

ልጅቷ ከእናቷ ጉልበት ተነሥታ ትምህርት ቤት መግባቷ ትልቅ ድል ነው፤ ማንም እንዲመልሳት አልፈልግም። ነገር ግን እጇን ያሠለጥን የነበረው ስፌት ሲቀር በቦታው ሌላ መተካት ነበረበት። እኛ የተካንበት ግን ሀ ሁን ከሰሌዳ መገልበጥን ነው። ቀለም መቀባትን ዋና ሥራዬ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ሙሉውን ከለር አልሰጥም፤ እሰብረዋለሁ። አጭር ቁራጭ በጡጫ አይያዝም፤ ሦስቱ ጣቶች ራሳቸው ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ሰፊ ክብ፣ ቀጥሎ የሞሰብ ዙሮች፣ መጨረሻ ላይ ጠባብ ሐረግ ይቀባሉ። ከለር ሲያልቅ አለላ አመጣለሁ፤ ወስፌ ስለሚወጋ ጫፉ የተድበለበለ የቀርከሃ ስንጥር እሰጣቸዋለሁ። ቀርከሃ በእንጅባራ ሞልቷል።

«ልጄ ቀለም ሲቀባ ይውላል፤ ፊደል መቼ ሊጽፍ ነው?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። መልሴ አንድ ነው፦ እየጻፈ ነው። የዜሮ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቅ ለእጅ ይለቀቅ፤ ለዚህም ከከለሩ ጎን አክርማና ስንደዶ በትምህርት መሣሪያነት ይመዝገቡልን። ሙያውን የሚያሳዩን እናቶች በየቀበሌው አሁንም አሉ፤ እነርሱን ክፍል ጠርቶ ማስገባት የኛ የመምህራን ሥራ ነው።